ጠፍጣፋው ኪቦርድ እና የአባቴ ጆሮ

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 2፡30

የባለጉዳይ ክስ እየጻፍኩ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ነኝ። አራተኛ መስመር። ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለ። ትንሿ ጣት ደንዝዛለች፤ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ እሳት ነው። ባለጉዳይዋ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሻይ ጠጥተሽ ነይ አልኳት። አልፈልግም አለች። እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ ግድግዳ ማየት ጀመርኩ።

ደሴን ጭጋግ ውጧታል። ጦሳ ተራራ አይታይም። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ለኔ እጅ ይኼ ደግሞ ምርቃት መሆኑ ነው!

ስማ አንተ ደብተር። ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምነግርህ። ላንተ በእርሳስ ስጽፍ እንዲህ አያመኝም። የሚጨርሰኝ ይኼ ግንብ የሚያህል ኪ/ቦርድ ነው። አንጓዬ ቀና እንዳለ፣ እንደተሰቀለ ይውላል። አማርኛ ደግሞ ለጣት አያዝንም፤ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ መምታት። «ጠ» ስትመጣ ትንሿ ጣት ሺፍትን ጨምድዳ መያዝ አለባት። ፍ/ቤት የሚገባ ወረቀት ላይ «ጠ» መች ጠፍታ! ጠበቃ፣ ጥፋት፣ ጥያቄ፣ ጠቅላይ።

አባ በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው፤ የሙስበሃውን ዶቃ ይቆጥራል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ውሎው እዚሁ የጽሕፈት ሱቃችን ነው። ኪ/ቦርዱ ዝም ሲል አንገቱን ቀና አደረገ። ምነው ሰዓዳ፣ ጨረስሽ እንዴ? አለኝ። ወረቀት እያስተካከልኩ ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ከመግሪብ በፊት

ክሊኒክ ሄድኩ። ለአባ የፕሪንተር ቀለም ልገዛ ነው ብዬ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አንጓዬን በጣቷ መታ መታ ስታደርገው እስከ አናቴ ነዘረኝ። ነርቭሽ ታፍኗል አለች። ማሰሪያ እሰሪ፣ እረፊ፤ ካላረፍሽ ጣቶችሽ ዕቃ መያዝ ያቅታቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዶ ጥገና ነው። የምትጽፊበትንም ቀይሪ፤ ዝቅ ያለ፣ ሲነኩት የሚታዘዝ ነገር ፈልጊ።

እረፊ! አፍ ሲለው እንዴት ይቀላል።

ሱቁ የአባ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ የከፈተው። ከባሌ ቤት ሻንጣዬን ይዤ የተመለስኩ ጊዜ የተቀበለኝ ይኼ ጠረጴዛ ነው። ማንም ምን ሆነሽ ሳይለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ እየጻፍኩ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኢድሪስ ኮምቦልቻ ስልክ ይሸጣል፤ ደሴ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ይፈልጋል፤ ዓይኑ እዚህ ቤት ላይ ነው። አይደብቅም። አባ አንድ ቀን ምሳ ላይ ለሁለታችንም ቁርጡን ነገረን፦ ጽሕፈት እስካለ ሱቁ የሰዓዳ ነው፤ ጽሕፈት የሞተ ቀን የኢድሪስ።

ኢድሪስ ክፉ ሰው አይደለም። ነይ ከኔ ጋ ሥሪ ይለኛል። የሚስቱን ፊት እያየሁ፣ የስልክ ሽፋን እየደረደርኩ። አልፈልግም! ወላሂ አልፈልግም። በሰው ቤት ተጠግቶ መኖርን አንዴ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ እጄ መታመሙን አባ አይሰማም። አለቀ።

ታኅሣሥ 9፣ ረፋድ

ሙከራ ላይ ነኝ። ፎጣ አጥፌ ከአንጓዬ ሥር አደረግሁ፤ ተንሸራተተ። አናጺ ጋ ሄጄ ጣውላ አስጠረብኩ፤ ውፍረቱን ተሳስቼ ነግሬው ክንዴ ተንጠልጥሎ ዋለ። ወንበሬ ላይ ትራስ ደረብኩ፤ እግሬ ከመሬት ተነሣ፣ ባለጉዳይ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ከዚያ ላፕቶፑን አወጣሁ። ቁልፎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። እሰይ ብዬ ጀመርኩ። ለካ ከሥራቸው ምንም የላቸውም! ጣቴ ገና ከመውረዱ ድንጋይ ይቀበለዋል። እስከ ዙሁር ሶላት ጥፍሬ ሥር ድረስ አመመኝ። አባ ከበሩ ጋ ሆኖ፣ ምንድን ነው እሱ፣ በቆሎ እየፈለፈልሽ ነው? አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

የደሴን ኤሌክትሮኒክስ ቤት አዳርሻለሁ። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር። ሁሉም ያንኑ ጥቁር፣ ያንኑ ባለ ቁመት ነው የሚያወጡልኝ። አንዱ ልጅ፣ እህቴ ኪቦርድ ኪቦርድ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አለኝ። እጄን ላውስህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ኮምቦልቻ፣ 9 ሰዓት

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጃኬቴን አወለቅሁ። ሙቀቱ ሲያገኘኝ ጣቶቼ አንድ በአንድ ተፈቱ። አጃኢብ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትንሿ ጣቴ ነቃች። ኮምቦልቻ መኖር ነበር እንዴ የሚሻለኝ? ይህን ሐሳብ እዚህ ጽፌ እዚሁ እተወዋለሁ። ለኢድሪስ ደስታ ነው የሚሆነው።

ለኢድሪስ ነገርኩት። መጀመሪያ አስማልኩት። ለአባ ትንፍሽ እንዳትል፣ ወላሂ በል። ወላሂ አለ። እጄን አገላብጦ አየው። ከዚያ ቁጣው መጣ፤ እስከ መቼ ነው፣ ተይው በቃ፣ ኑሪ አለኝ። ኑሪ! እየኖርኩ ያለሁት በምን መስሎት ነው?

ቢሆንም ሱቅ ለሱቅ ይዞኝ ዞረ። አንዱ ጋ ሜካኒካል የሚባል አገኘን። እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ስፕሪንግ አላት፤ ጣት ሲጫናት ተቀብላ ትመልሳለች። እውነትም ከላፕቶፑ ሌላ ዓለም ነው። ግን የጌም መጫወቻ ነው፤ ከሥሩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ያበራል። ኢድሪስ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው ብሎ ሳቀ። ቁመቱ ከድሮው ይብሳል። ሻጩ ሜካኒካል ሁሉ ከፍ ያለ ነው ብሎ ማለልኝ። ባዶ እጄን መመለስ ሞት መስሎ ታየኝ። ገዛሁት።

ታኅሣሥ 16፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ተሳሳትኩ።

ጣቴ ይወደዋል፤ አንጓዬ ይረግመዋል። እንደ ጣሪያ ተወጥቶ ነው የሚጻፍበት። ዛሬ ከዙሁር በኋላ የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት።

አባስ? አባማ ሠርጉ ነው! የመጀመሪያዋን መስመር እንደመታሁ ሙስበሃውን ኪሱ ከተተ። ይኼ ነው ሥራ! አለ። ማሻአላህ፣ ይኼ ነው ጽሕፈት ማለት! ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ፊቱ ሁሉ ተፈታ። የመንግሥት መ/ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ የነበረበት ዘመን ታወሰው። እኔን ያስተማረኝም በዚያ መኪና ነው፤ ካርቦን በካርቦን ላይ ደርቦ። መጨረሻዋ ኮፒ ላይ ካልታየ አልጻፍሽም ይለኝ ነበር። ምቺው! አትፍሪው! ያ ነው እጄ ላይ የቀረው። ወረቀቱ ጠፋ፣ ካርቦኑ ጠፋ፣ እኔ አሁንም መጨረሻዋን ኮፒ ነው የምመታው።

ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሥራዬን በጆሮው ነው የሚያነበው። ስንት ገጽ እንደሆነ ያውቃል። ማመልከቻ ከይግባኝ ይለያል። ማታ ለቤተሰብ ስልክ ሲደውል፣ ዛሬ ሸጋ ሥራ ነበር ይላል። ከዚህ ሌላ ምን ቀረው? ያን ልከለክለው ነው?

ታኅሣሥ 20፣ ከመግሪብ በፊት

ዛሬን ባልኖርኩት።

ሸህ ሰይድ ከኩታበር መጡ። ለይግባኝ። የመጨረሻ ቀናቸው ዛሬ ነው። እርጅናቸው፣ መንገዱ፣ ጸሐፊ ሁሉ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ የመለሳቸው መሆኑ አንጀቴን በላው። አባ መስጊድ ነበር። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ይናገራሉ፣ እጽፋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀኝ እጄ ቆመ። መቆም ብቻ አይደለም፤ ጣቴን እያየኋት አዛታለሁ፣ አትሰማኝም። የሌላ ሰው ጣት።

በግራ እጄ ቀጠልኩ። አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል። ሸሁ ሰዓታቸውን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ልጄ፣ አሞሻል አሉኝ። ደህና ነኝ፣ አይቸኩሉ አልኳቸው። የምቸኩለው እኔ ነኝ። እንባዬ ቁልፎቹ ላይ ይወርዳል፤ መብራቱ ደግሞ ቀይ አረንጓዴ ይላል። ያረቢ፣ ምን ዓይነት ውርደት ነው!

የፍ/ቤቱ ሬጅስትራር ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ደረሱ፤ አልሀምዱሊላህ። ተመልሰው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ቁርአን ቀርተው እፍ አሉበት። አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። ከሄዱ በኋላ በሩን ገፋ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ቢቀሩስ ኖሮ? የሰው መሬት በኔ ጣት ሊሄድ!

አባ ሲመለስ ቀና አልኩ። ስንት ገጽ ሆነ? አለኝ። ሦስት አልኩት። ማሻአላህ አለ።

ታኅሣሥ 25፣ ኮምቦልቻ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ኢድሪስ ትናንት ደወለ። ሲፈልግልኝ ከርሟል ለካ! በቴሌግራም፣ በሰው፣ በደንበኛ። አንድ የፋብሪካ መሐንዲስ ከተማ ሊለቅ ዕቃውን ይሸጣል፤ ከዕቃው መካከል ዝቅ ያለ ሜካኒካል ኪ/ቦርድ አለ። ነይ አለኝ፣ ሳይሄድ ነይ።

መጣሁ። ሰውዬው ሻይ ቤት ውስጥ ከቦርሳው አወጣው። ጠፍጣፋ። ግራጫ። መብራት የለ፣ ጌጥ የለ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ከሻዩ ሰሃን ብዙም አይወፍርም። እጄን አሳረፍኩበት። አንጓዬ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ተኛ እኮ ነው የምልህ! ላፕቶፕ አይደለም፤ ጣቴ ሲወርድ ስፕሪንጉ ይቀበለዋል፣ ይመልሰዋል። ቢስሚላህ ብዬ ጻፍኩ። ድምፁም የለም። ሰውዬው ሌሊት ሲሠራ ሚስቱ እንዳትነቃ ብሎ የመረጠው ነው አለኝ። ደስታ አደንቁሮኛል።

ዋጋውን አትጠይቀኝ። ኢድሪስ ግማሹን ከፈለ። ሱቄን የሚፈልግ ሰው ለሱቄ ዕቃ ይገዛል፤ እንዲህ ያለውን ወንድም ምን ታደርገዋለህ?

ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት 5 ሰዓት

መጀመሪያ ተጣላን። መምታት ለምዶብኛል፤ ይኼ መመታት አይወድም። ምቺኝ ሳይሆን ንኪኝ ነው የሚለው። ስትመታው ሁለት ሁለት ፊደል ይረጫል። ቀስ አልኩ። ጣቴን እንደ እርጎ ላይ አሳረፍኩ። ጻፈ።

ሁለት ክስ፣ አንድ ውክልና፣ አንድ ማመልከቻ። እሳቱ የለም። ድንዛዜው አለ፤ እሳቱ ግን የለም! ተነሥቼ መዝለል አማረኝ።

አባ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? አለኝ። አለ እንጂ አልኩት። እህ አለ።

ጥር 1፣ ከመግሪብ በፊት

አባ አይበላም። ምሳውን ሁለት ጉርሻ። ምን ሆነህ ስለው፣ ምንም፣ ኸይር ነው። ሙስበሃውን ይዞ ሳይቆጥር ይቀመጣል። ባለጉዳይ ሲገባ ጆሮውን ያቀናል፤ ሰውዬው ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አባ ግን የሚሰማው ወሬውን ብቻ ነው። ሰው መጥቶ አውርቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ገባኝ። አሁን ገባኝ! አባ፣ አዲሱ ኪ/ቦርድ ድምፅ የለውም እኮ፣ እየጻፍኩ ነው አልኩት። ፈገግ አለ፤ አሳዘነኝ። ድምፅ የሌለው ጽሕፈት አለ እንዴ ልጄ? የጠፋብኝ ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አልጠፋም። አብሽሪ፣ የሰው ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የሚያሳፍር አይደለም። ወረቀቱን አስነካሁት፤ ይኼው ገጹ አልኩት። የድሮ እንዳይሆን አለኝ። ፕሪንተሩ ሲጮህ እንኳ ኮፒ ነው የሚመስለው። እያባበልኩት መሰለው።

የቀድሞው ምን ሆነ፣ ለምን ተቀየረ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ስለ እጄ ካወራሁ ሱቁ ሄደ። ካላወራሁ ለአባ ሥራው ሞቷል፣ ሱቁ ሄደ። በየትም ብዞር ያው ነው። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

ጥር 4፣ ምሳ ሰዓት

ከዙሁር ስመለስ ኢድሪስ ሱቅ ውስጥ ነው። ሜትር ይዞ! ግድግዳውን ይለካል። ምሳ ሊበላ የመጣ መስሎኝ እንኳን ደህና መጣህ አልኩት። ፊቴን ማየት አቃተው።

አባ ደውሎለታል። ትናንት፣ እኔ መስጊድ እያለሁ። ልጄ ሥራው ሞቶባት አፍራ ልትነግረኝ አልቻለችም፤ ና፣ ሱቁን ተረከብ፣ እሷንም አታሳፍራት፣ በፍቅር ያዛት ብሎታል። ኢድሪስ ደግሞ እጄ ጨርሶ የቆመ መስሎታል። አንቺ ራስሽ ተስፋ ቆርጠሽ ነው ብዬ እኮ ነው የመጣሁት ይላል። የመስተዋት መደርደሪያ አዟል። ሳምንት ሳይሞላ ይመጣል።

ጮኽኩ። አባ ፊት ጮኼ አላውቅም። ሥራ አለ አልኩ! እዩ፣ ወረቀቱ ይኼው! ኢድሪስ ወደ እጄ አየ፣ ወደ አባ አየ፣ አፉን ከፈተ። በዓይኔ አፈጠጥኩበት። ምሏልና ዘጋው። አባ በወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ልጆቼ አትጣሉ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሰዓዳን ቀድሜ ማማከር ነበረብኝ አለ።

ሁሉም ለኔ አዝኖ ነው። ሁሉም! አንድ ክፉ ሰው እንኳ ባገኝ በጮህኩበት።

ጥር 6፣ ከዙሁር በኋላ

ባለ መብራቱን መልሼ አወጣሁት። ጠፍጣፋውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መታሁ። ከጠዋት ጀምሬ መታሁ። የሚጻፍ ሲጠፋ ያለቀውን ክስ ደግሜ መታሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። አባ ቀና አለ። ሥራ መጣ! አለ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረው። ለኢድሪስ ልደውል፣ መደርደሪያውን ይተወው አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እየመታሁ ነው፤ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፣ በዚህ ብርድ።

ሻይ አመጡልን። ብርጭቆውን አነሣሁ። አነሣሁ ስልህ፣ ያነሣሁ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተበተነ።

አባ፣ ሰዓዳ አለ፣ ትናንትናም ቤት ሰሃን ወድቆብሻል። ከትናንት ወዲያም ቁልፍ ወድቆብሻል። እጅሽ ምን ሆኗል?

ጥር 7፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ነገርኩት። ሁሉንም። ክሊኒኩን፣ ጣውላውን፣ ሸህ ሰይድን፣ ኢድሪስን ያስማልኩትን። ለምን እንደመታሁ።

ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ተቆጣ! አሁንማ ጆሮዬን ቁረጡልኝ! ለኔ ጆሮ ብለሽ እጅሽን ልትጥይ? ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ? ከበሮ አማረኝ ብዬሻለሁ? ያን ኪ/ቦርድ አምጪው አለኝ።

ከመሳቢያ አውጥቼ ጭኑ ላይ አደረግሁለት። በመዳፉ ዳሰሰው። ይኼማ ቂጣ ነው አለ። አንዷን ቁልፍ በድሮ አመታቱ መታት፤ ከካርቦን በታች እንዲያልፍ። እንዲያ አይደለም አባ፣ በቀስታ አልኩት። ጣቱን ይዤ አሳረፍኩለት። ተጫነ። ተጻፈ? አለኝ። ተጻፈ አልኩት። ይችው ናት? እችን ታህል ነው ጉልበቱ?

ጣቱን እዚያው እንዳደረገ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ምቺ ምቺ እያልኩ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አለ። አለቀሰ። ተነሥቶ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ቤት ሄደ። ልከተለው ብል እጁን አወናጨፈብኝ።

ጥር 8፣ ረፋድ

አባ አልመጣም። ወንበሩ ባዶ ነው። ቁርስ ላይ አላናገረኝም። የማደርገው ሲጠፋኝ ሱቅ ከፈትኩ።

በጠፍጣፋው እየጻፍኩ ነው። እጄ ደህና ነው። ሱቁ ግን መቃብር ነው። ለካ እኔም ያንን ድምፅ እሱ ስለሰማልኝ ነበር የምወደው። አሁን ብጽፍም ባልጽፍም ማንም አያውቅም። ኢድሪስ ደወለ፤ መደርደሪያው ዛሬ ተጭኗል፣ ምን ልበላቸው? አላውቅም አልኩት። በላቸው ወይም አትበላቸው፣ አላውቅም። ዘጋሁበት።

የምጽፍልህ ነገር የለኝም። ደክሞኛል።

ጥር 10፣ ጠዋት 5፡30

ፈጥኜ ልንገርህ፣ ሰው እየገባ ነው።

ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ አባ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ያዢኝ አለ። ሱቅ ስንደርስ ወደ ወንበሩ ላደርሰው ስል፣ እዚያ አይደለም፣ ወንበሩን ጠረጴዛው ጋ አምጪው አለ። ጎኔ ተቀመጠ። ክርኑ ክርኔን ይነካል። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልገባኝም።

ከቦሩ ሜዳ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ ሞቶ የባሏ ወንድሞች ከእርሻው ሊያስወጧት ነው። ታሪኩን ከሠርጓ ጀመረችው፤ ሁሉም እንዲያ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ ሁሉንም እጽፍና በኋላ እሰርዛለሁ፤ ጣቴን የፈጀው ግማሹ ይኼ ነው። አባ እጁን አነሣ። ቆዪ እህቴ አላት። እሺ አባቴ አለች። ለምን ያህል ጊዜ አብራችሁ አረሳችሁ? ግብሩን ማን ይከፍል ነበር? መቼ ነው ከማሳው ያስቆሙሽ? መለሰችለት። ከዚያ ዓይኖቹን ጨፈነና ለኔ ማስጻፍ ጀመረ። «አመልካች ከሟች ባለቤቴ ጋር በጋራ ስናለማው የቆየነውን ይዞታ…» እንዲህ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይረግፍ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ረቂቅ ሲጽፍ የኖረ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር። እሱም ረስቶት ነበር።

መሐል ላይ ቆመ። ደርሰሽብኛል? ጣትሽ አይሰማኝም እኮ፣ በምን ልወቅ? አለኝ። አሰብኩ። እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ፣ አራት ነጥብ በደረስኩ ቁጥር እነካሃለሁ አልኩት። አደረገ። ነካሁት፣ ቀጠለ። ነካሁት፣ ቀጠለ። ሦስት ገጽ የሚወጣው ነገር በግማሽ ገጽ አለቀ። ሳነብላት ሴትዮዋ አለቀሰች፤ ልል የፈለግኩት ይህንኑ ነው አለች።

ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የአባ ድምፅ ብቻ ነበር።

ከሄደች በኋላ ለኢድሪስ ደውይ አለኝ። ደውዬ ስልኩን ሰጠሁት፤ መለሰልኝ። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ፣ አንቺው ንገሪው።

ነገርኩት። መደርደሪያውን መልስ፣ ሱቁ አይለቀቅም። እጄ ታሟል፣ ትንሿ ጣት ላትመለስ ትችላለች፣ አባም አውቋል። ካሁን በኋላ የምጽፈው እስከ ዙሁር ብቻ ነው። ወንድሜ ነጋዴ ነውና፣ ከዙሁር በኋላስ? አለኝ።

ከዙሁር በኋላ እጄን አሳርፋለሁ አልኩት።

ሱቁስ? አለ።

ሱቁም ያርፋል አልኩት።

አባ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ሰው ገብቷል፤ ተቀመጡ እያለው ነው። ልሂድ።